ጥርኝና ጠምበለል

ዢኪ የሚባለው የፈረንሳይ ሽቶ ቆዳ ላይ ሲያርፍ መጀመሪያ ይጫወታል። የሎሚና የብርቱካን ዘመድ የሆነው ቤርጋሞት አፍንጫን ኮርኩሮ ይሮጣል፤ ላቬንደር ይከተለዋል፤ ቫኒላው ደግሞ ከረሜላ በጉንጩ እንደያዘ ልጅ ከኋላ ከኋላ ይላል። ጥቂት ቆይቶ ግን ከሥር ሌላ ነገር ይነሣል። ላብ የጠጣ ቆዳ፣ የአውሬ ጎሬ፣ ፀሐይ ሳይነካው የከረመ አጎዛ የሚያስታውስ፣ ሞቅ ያለና ጠቆር ያለ ጠረን። ሰው ፊቱን ዘወር ያደርጋል፤ ወዲያው ደግሞ መልሶ አፍንጫውን ያስጠጋል። ሽቶውን ኤሜ ጌርላን የቀመመው እ.ኤ.አ. በ1889 ነው፤ ፓሪስ የኤፍልን ግንብ መርቃ የከፈተችበት፣ እኛ ዘንድ ደግሞ ዳግማዊ ምኒልክ ዘውድ የደፉበት ዓመት። ያን ከሥር የሚነሣውን ጥቁር ጠረን ፓሪሶች ስም ለማውጣት ሲቸገሩ፣ የሊሙ ወይም የከፋ ሰው ቢያሸተው ግን ገና በሩቁ ያውቀው ነበር። ዝባድ ነው።

ዝባድ ከጥርኝ የሚገኝ ቅባት ነው። ከከፋ፣ ከጅማ፣ ከሊሙና ከኢሉባቦር ተሰብስቦ፣ በከብት ቀንድ ታጭቆ፣ አፉ በቆዳ ተለብጦ ወደ ባሕር በር ይወርድ ነበር። የነጋዴ ቅፍለት ዝባዱን ከወርቅ፣ ከዝሆን ጥርስና፣ ሳይጠቀስ መታለፍ የለበትምና፣ ከባሪያ ጋር አንድ ላይ ይዞ ይጓዛል። የፈረንሳይ ሽቶ ቤቶች በገነኑበት ዘመን ዋናዋ የዝባድ አቅራቢ ኢትዮጵያ ነበረች። በሳሎን ውስጥ ሐር የለበሰች እመቤት አንገቷን ጠቀስ ያደረገችበት ጣት ላይ፣ ከላቬንደሩ ሥር፣ የምዕራብ ኢትዮጵያ ጫካ ሌሊት ነበረበት። እርሷ ይህን አታውቅም። ጥርኙም ስለ እርሷ የሰማው ነገር የለም።

እኔን የሚገርመኝ ግን የንግዱ መንገድ አይደለም። ሰው ከሩቅ አገር ብርቅ ነገር ሲያስመጣ የኖረ ነው። የሚገርመኝ እንዲህ ያለ ጠረን ለምን ደስ እንደሚል ነው። የታጠበውና ያልታጠበው፣ ቂቤ የተቀባው ፀጉርና የበረት አጥር፣ ሕፃንና አውሬ በአንድ ጠርሙስ ሲገቡ ለምን አይጣሉም? ለምንስ ሰውን ወደ ልጅነቱ ይመልሱታል? በዚህ ላይ ባሰብኩ ቁጥር፣ ሽቶ ቀማሚው የሠራው ነገር ጥቂት፣ ፈጣሪ አስቀድሞ ሠርቶ ያስቀመጠው ግን እጅግ ብዙ ሆኖ አገኘዋለሁ።

ከጥርኙ እንጀምር። ብዙ ሰው የድመት ወገን ይመስለዋል፤ አይደለም፤ የራሱ ነገድ አለው። መካከለኛ ውሻ የሚያህል፣ ክብደቱ እስከ 20 ኪሎ የሚደርስ፣ ዓይኑን በጥቁር ጭንብል የከለለ፣ ገላው በነጠብጣብና በመስመር የተዥጎረጎረ የሌሊት እንስሳ ነው። የአንዱ ጥርኝ ጌጥ የሌላውን አይመስልም። ሲደነግጥ ከአንገቱ እስከ ጭራው የተዘረጋውን ጋማ ያቆምና ከራሱ ገዝፎ ይታያል። የማይበላው የለም፤ የሾላ ፍሬ፣ አይጥ፣ እንቁራሪት፣ ጥንዚዛ፣ እባብ፣ ሌሎች አራዊት መርዙን ፈርተው የሚያልፉትን ባለ ብዙ እግር ትል ጭምር። ሥርዓተኛም ነው። እንደ አንዳንዶቻችን ያገኘበት አይጸዳዳም፤ የታወቀ ቦታ አለው፤ ወደዚያው እየተመላለሰ ይሄዳል።

ከጭራው ሥር ካለው ከረጢት የሚወጣው ቅባት ሲወጣ ነጣ ብጫ ብሎ ቅቤ ይመስላል፤ ሲቆይ ይጠቁራል። ጥርኙ በሚሄድበት መንገድ ግንድና ድንጋይ ላይ እየታከከ ያኖረዋል። እኛ ዓይናችንን አምነን በምንሄድበት ዓለም እርሱ በጠረን ይጽፋል፤ ማን እንዳለፈ፣ መቼ እንዳለፈ፣ ወንድ ይሁን ሴት። ዝናብ ቢዘንብበት፣ ፀሐይ ቢወጣበት ቶሎ አይጠፋም። ሽቶ ሰሪዎች የፈለጉትም ይህንኑ ጽናቱን ነው። ሎሚና ላቬንደር ችኩሎች ናቸው፣ ተነው ይሄዳሉ፤ ዝባድ ግን ይዞ ያቆያቸዋል። ድንቁ ደግሞ እዚህ ላይ ነው። ያልቀጠነው ዝባድ ሰውን ከክፍል ያስወጣል። በአልኮል እጅግ አድርጎ ሲያቀጥኑት ግን አበባ አበባ ማለት ይጀምራል። ነገሩ ያው ነው፤ የተለወጠው መጠኑ ብቻ ነው።

በዝባድ ውስጥ ያለውን ዋና ነገር ሲቬቶን ይሉታል። እ.ኤ.አ. በ1926 ሊዮፖልድ ሩዚችካ የተባለ፣ ከዛሬዋ ክሮኤሽያ ወጥቶ ስዊዘርላንድ የኖረ ኬሚስት፣ ሞለኪውሉ ምን እንደሚመስል ገለጸ። በዚያ ዘመን የታወቀው ትምህርት የካርቦን አተሞች እጅ ለእጅ ተያይዘው ቀለበት ሲሠሩ አምስት ወይም ስድስት ቢሆኑ ይጸናሉ፣ ከስምንት ካለፉ ግን ቀለበቱ አይቆምም የሚል ነበር። ሩዚችካ ሲቬቶንን ሲቆጥረው 17 ካርቦን ሆነ። ሊቃውንቱ ሊኖር አይችልም ያሉት ቀለበት ከዘመናት በፊት ጀምሮ በከፋ ጫካ ውስጥ በየሌሊቱ ግንድ ላይ እየተቀባ ነበር። ሩዚችካ ይህና መሰል ሥራዎቹ አብቅተውት እ.ኤ.አ. በ1939 የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸለመ። ጥርኙ ወዳገኘው ሽልማት በኋላ እመጣለሁ፤ ደስ የሚል አይደለም።

ጨለማው ከአውሬ ብቻ የሚመጣ የሚመስለው ካለ ወደ ጠምበለል ይሂድ። ነጭ፣ ንጹሕ፣ አምስት ቅጠል ያላት አበባ፤ በደጋው ቁጥቋጦ ላይ እየተጠመጠመች ሲመሽ ሽታዋን የምትለቅ። ግራስ በተባለችው የደቡብ ፈረንሳይ ከተማ ዙሪያ ሽቶ ሰሪዎች ዘመዷን በማሳ ይተክሉና ጎሕ ሲቀድ ይለቅሟታል። በዚህች አበባ ዘይት ውስጥ ኢንዶል የሚባል ነገር አለ። ኢንዶል በእንስሳ አንጀት ውስጥ ምግብ ሲበሰብስ የሚወጣው ያው ነገር ነው፤ ከሽንት ቤት ጠረን ውስጥም አለበት። የቅርብ ዘመዱ ስካቶል ደግሞ ስሙን ያገኘው ከዚያው ከሰገራ ሲሆን፣ በዝባድ ውስጥ ይገኛል፤ በብርቱካን አበባም ውስጥ ይገኛል። ሙሽራ የምትጌጥበት የብርቱካን አበባ!

ኢንዶሉን ነቅሎ ጠምበለልን ለመሥራት የሞከረ ሽቶ ቀማሚ የሚያገኘው ነገር ንጹሕ ነው፤ ግን ሕይወት የለውም፣ ከሳሙና አይለይም። ያቺ እንዳትታይ ተደርጋ የተቀመጠች ቅንጣት ጨለማ ስትጨመርበት አበባው ይተነፍሳል። ይህን ሰው አላሰበውም። በጨለማ የሚበርሩ የእሳት ራቶች አበባዋን ፈልገው የሚመጡበትን ሽታ የቀመመላት፣ ከብስባሽና ከማር አንድ ላይ የሰፈረላት ሌላ ነው።

በኦሪት ዘጸአት ምዕራፍ 30 ላይ ሙሴ እንዲቀምመው የታዘዘው የመቅደስ ዕጣን ከንጹሕ ዕጣን ጋር ሌሎች ቅመሞችም አሉበት። ከእነርሱ አንዱ ሽታው የሚከብድ፣ ለብቻው ሲጨስ ማንም የማይወደው ሙጫ ነው። የአይሁድ ሊቃውንት በዚህ ተደንቀው ብዙ አውጥተው አውርደዋል፤ በጾም ቀን ኃጢአተኞች ከጉባኤው እንዳይለዩ ምሳሌ ነው ያሉ አሉ። ትርጓሜውን ለባለቤቶቹ እተዋለሁ። የሽቶ ቀማሚ ዓይን ይዤ ሳነበው ግን አንድ ነገር አያለሁ፤ ቅዱሱ ቅመም ሲታዘዝ ጥቁሩ አልተረሳም።

እንግዲህ ወደ ልጅ እንምጣ። ሕፃን ልጅ አዋቂ የሚጸየፈውን አይጸየፍም። እናቱ «እፍ! አትንካ!» ብላ እጁን እስክታራግፍለት ድረስ የፍየል በጠጥና የአበባ ቅጠል ለእርሱ ሁለት የሚሸቱ ነገሮች ናቸው፣ ከዚህ ያለፈ ልዩነት የላቸውም። ጣፋጭና መራራን ምላሱ ከእናቱ ማሕፀን ይዞ ይወጣል፤ የመጸየፍ ትምህርት ግን በኋላ፣ በዓመታት ውስጥ፣ ከቤተሰብና ከመንደር የሚገኝ ነው። ያ ትምህርት እስኪገባው ድረስ ልጅ አፍንጫው ክፍት ነው፤ የሚቀርበውን ሁሉ ያለ ፍርድ ይቀበላል። እኔ የምለው እንዲህ ነው፤ የሚጫወትና የሚጨልም ሽቶ ወደ ልጅነት የሚመልሰን ቫኒላው ከረሜላ ስለሚያስታውሰን ብቻ አይደለም። ንጹሕና ርኩስ ሳይለያዩልን በፊት የነበረውን አፍንጫችንን ለቅጽበት ስለሚያበድረን ነው። ላቬንደር ብቻ ቢሆን ሱቅ ያስታውሰን ነበር።

አፍንጫ ደግሞ የተሠራበት መንገድ ለዚህ ነገር የተመቸ ነው። ዓይን ያየው፣ ጆሮ የሰማው ወደ አንጎል የላይኛው ክፍል ከመድረሱ በፊት በመሐል ያለ ትልቅ ጣቢያ ያስቆመዋል፣ ይመረምረዋል፣ ይደለድለዋል። ሽታ ግን በዚያ በር አይገባም። ከአፍንጫ ጣሪያ ላይ የተነሣው ክር እንደ ወንፊት የተበሳሳውን ቀጭን አጥንት ያልፍና ከአንጎል ሥር ይደርሳል፤ ከዚያ ፍርሃትና ደስታ የሚንቀሳቀሱበት አሚግዳላና ትዝታ የሚታሰርበት ሂፖካምፐስ ጎረቤቶቹ ናቸው። ስለዚህ ሰው የሸተተውን ነገር ስሙን ሳያውቀው ሆዱ ይባባል፤ ምን እንደሆነ የሚጠይቀው ከዚያ በኋላ ነው።

ሊንዳ በክና ሪቻርድ አክሰል እ.ኤ.አ. በ1991 አሽታች ሕዋሶች የሽታ ቅንጣቶችን የሚይዙባቸውን ተቀባዮች የሚሠሩ ጂኖች አግኝተው እ.ኤ.አ. በ2004 ኖቤል ተሸለሙ። የሰው ልጅ የሚሠሩ 400 ገደማ ዓይነት ተቀባዮች አሉት። እያንዳንዱ ሕዋስ አንዱን ዓይነት ብቻ ይይዛል፤ አንድ ሽታ ግን ብዙዎቹን በአንድነት ይነካካል፤ ስለዚህ 400 ፊደል ይዞ ሊቆጠር የማይችል ቃል ይጻፋል። ለቀለም ዓይናችን የተሰጡት ሦስት ብቻ ናቸው። ከዚህም ሁሉ የሚበልጠው፣ እነዚያ አሽታች ሕዋሶች ዕድሜያቸው አጭር መሆኑ ነው። ከውጭ አየር ጋር ፊት ለፊት ስለሚጋፈጡ በሳምንታትና በወራት ይሞታሉ፣ በምትካቸው አዲስ ይወለዳል። አዲሱም ክሩን በወንፊቱ አጥንት አሾልኮ የቀድሞው የነበረበትን ትክክለኛ ቦታ ፈልጎ ያገኛል። የአምስት ዓመት ልጅ ሆነን የአያታችንን ነጠላ ያሸተተው አንድም ሕዋስ ዛሬ በአፍንጫችን ውስጥ የለም። ነጠላው ግን አለ።

እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ የስዊድን ጥናት ዕድሜያቸው የገፋ ሰዎችን ትዝታ በቃል፣ በሥዕልና በሽታ ቀሰቀሰ። ቃልና ሥዕል ያስታወሷቸው በአብዛኛው ከ11 እስከ 20 ዓመት ያለውን ዘመናቸውን ነበር። ሽታው ግን ከአሥር ዓመታቸው በፊት ወዳለው ጊዜ ይዟቸው ሄደ። ከዚያም ወደ ኋላ ይሄዳል ነገሩ። በፈረንሳይ አገር፣ በእርግዝናቸው መጨረሻ አኒስ የተባለውን የእንስላል ዘመድ የበሉ እናቶች የወለዷቸው ሕፃናት፣ ገና በተወለዱ በሰዓታት ውስጥ ፊታቸውን ወደ አኒሱ ሽታ ሲያዞሩ ታይተዋል። እናቱ ምን እንደበላች ልጁ ከመወለዱ በፊት ያውቃል። እኛ አገር እንግዲህ ምን አውቀን እንደተወለድን አስቡት፤ ኮረሪማ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ በሶብላ፣ አብሽ።

የእኛ የልጅነት ሽታ ራሱ ከዢኪ የራቀ አይደለም። የወተት ዕቃው በወይራ ጭስ ይታጠናል፤ ወተቱ ጭስ ጭስ፣ ጭሱ ወተት ወተት ይላል። አደስ የገባበት ቅቤ ከፀጉር ላይ ቀልጦ ግንባር ላይ ሲወርድ ጣፋጭ ነው፣ በሦስተኛው ቀን ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ ያን ሌላውን ነገር ሰው ሁሉ በአደባባይ ያማዋል፣ ብቻውን ሲሆን ይናፍቀዋል። በዓመት በዓል ቄጠማው ሲጎዘጎዝ፣ በዚያው ወለል ላይ ጠዋት የታረደው በግ ቆዳ ገና አልደረቀም። ዕጣኑና ደሙ፣ አሪቲውና የበጉ ጠጕር፣ ድፎ ዳቦው የተጋገረበት የኮባ ቅጠል፣ የኩራዙ ጋዝ። ማን ለይቶ ያሸታቸዋል? የልጅ በዓል አንድ ሽታ ነው። በዋሽንግተን ወይም በቴል አቪቭ አፓርታማ ውስጥ የጭስ ማስጠንቀቂያው እንዳይጮህ መስኮት ከፍቶ ዕጣን የሚያጨስ ሰው ግማሹን ብቻ ነው የሚያገኘው፤ የጎደለው ምን እንደሆነ ሲጠይቁት ግን «በጉ» ለማለት ያፍራል።

ዝናቡም አለ። ከረጅም በጋ በኋላ የመጀመሪያው ጠብታ አቧራ ላይ ሲያርፍ የሚነሣውን ሽታ ያልወደደ ልጅ አላየሁም፤ አፈሩን የሚቀምስም አለ። የዚያ ሽታ ዋናው ጂኦስሚን ይባላል፤ በአፈር ውስጥ የሚኖሩ፣ ለዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች የሚሠሩት ነው። ቀይ ሥር አፈር አፈር የሚለውም በእርሱ ነው። የሰው አፍንጫ ከትሪሊዮን ጥቂት እጅ ብቻ የሆነውን ጂኦስሚን ለይቶ ያውቃል፤ ይህን ያህል የተሳለ አፍንጫ ለአፈር ለምን እንደተሰጠን ሊቃውንት ይከራከራሉ። የባክቴሪያዎቹ ጥቅም ግን ታውቋል። እ.ኤ.አ. በ2020 እንደታየው፣ በአፈር ውስጥ የሚፈናጠሩ ጥቃቅን ነፍሳት ይህን ሽታ ተከትለው ይመጣሉ፣ ይበላሉ፣ የባክቴሪያውን ዘር በገላቸውና በሆዳቸው ተሸክመው ወደ ሌላ ስፍራ ያደርሱታል። ያ ሁሉ ትዝታ የሚቀሰቅስብን የዝናብ ሽታ ለእነርሱ የምሳ ጥሪ ነው። በሕንድ ካናውጅ የምትባል ከተማ የተጠበሰ ሸክላ አፈር በውኃ አፍልተው፣ እንፋሎቱን በሰንደል ዘይት ውስጥ ይዘው፣ የመጀመሪያውን ዝናብ በጠርሙስ ይሸጣሉ። ከሽቶዎች ሁሉ ያን ሽቶ ያህል የምቀናበት የለም።

ቫኒላውንስ? የቫኒላ ታሪክ የልጅ ታሪክ ነው፤ ያውም እንደ ሽቶው ጨዋታና ጨለማ አንድ ላይ የተፈተሉበት። ቫኒላ የሜክሲኮ ኦርኪድ ናት። ወደ ሌላ አገር ተወስዳ ስትተከል አበበች እንጂ አላፈራችም፤ አበባዋ የምትከፈተው ለአንድ ቀን ብቻ ሲሆን፣ ወንዴውንና ሴቴውን የሚለይ ቀጭን መጋረጃ በመሐል አለባት። በሕንድ ውቅያኖስ ባለችው በሬዩኒዮን ደሴት እ.ኤ.አ. በ1841 ኤድሞን የሚባል የ12 ዓመት ባሪያ ልጅ መጋረጃዋን በቀጭን እንጨት ገለጥ አድርጎ፣ በአውራ ጣቱ ወንዴውን ወደ ሴቴው ጫን አደረገ። አበባዋ አፈራች። ዕፀዋት የሚያጠኑ አዋቂዎች ለዓመታት ሲታገሉበት የኖሩትን ነገር ነው ልጁ እንደ ጨዋታ የፈታው። ከእርሻ ወደ እርሻ እየወሰዱ ለሌሎች ባሮች እንዲያሳይ አደረጉት። ዘዴው ወደ ማዳጋስካር ተሻገረ፣ ዛሬም ቫኒላ በእጅ የምትዳቀለው በዚያው የልጅ ጣት ጥበብ ነው። እ.ኤ.አ. በ1848 ባርነት ሲሻር ነጻ ወጣ፣ አልቢዩስ የሚል ስምም ተሰጠው። ደሴቲቱ ከበለጸገችበት ቫኒላ ግን አንዳች ሳይደርሰው እ.ኤ.አ. በ1880 በድህነት ሞተ። ከዚያ ስድስት ዓመት ቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1874፣ ጀርመናውያን ኬሚስቶች ያንኑ የቫኒላ ሽታ ከጥድ ወገን ዛፍ ጭማቂ አውጥተው ነበር። ዢኪ ውስጥ የገባው ይህ በሰው እጅ የተሠራ ቫኒሊን ነው፤ አውሮፓ ያን ጣዕም በስፋት የለመደችው ግን በኤድሞን ጣት ነው።

አሁን የጥርኙ ሽልማት። ዝባድ የሚሰበሰበው ወንዱን ጥርኝ ከጫካ በወጥመድ ይዞ፣ እንዳይዞር በጠበበ የእንጨት ቀፎ ውስጥ አስገብቶ፣ እሳት በሚነድበትና ጭስ በሞላበት ጎጆ አቆይቶ ነው። ሥጋና ገንፎ ይሰጠዋል፤ ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ባለ ጊዜ ጭራው ተይዞ ቅባቱ ይጠረጋል። ከተያዙት ብዙዎቹ ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይሞታሉ። ሥራውን የወረሱት ገበሬዎች በእርሱ ልጆች አሳድገዋል፤ ከጠርሙሱ ዋጋ እነርሱ እጅ የገባው ምን ያህል ትንሽ እንደሆነም ማሰብ ቀላል ነው፤ ስለዚህ ከሩቅ ቆሞ መፍረድ አይቀለኝም። ቢሆንም ሁለቱን ጨለማ አንድ አድርጌ ማለፍ አልችልም። በጠምበለል ውስጥ ያለው ጨለማ የተሰጠ ነው፤ አበባዋ ያለ እርሱ አትሞላም። በቀፎው ውስጥ ያለው ጨለማ ግን የእኛ ነው፤ ከእርሱ የተነሣ የሞላ ነገር የለም። ማድነቅ ከፈለግን የምናደንቀው ጥርኙን ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ በፈለገበት ሲዞር የሚያድር እንስሳን ቀፎ ውስጥ አስቀምጦ ጥበቡን አደነቅሁ ማለት አይቻልም።

የእንስሳት ተቆርቋሪዎች ከጮኹ በኋላ ትልልቆቹ ሽቶ ቤቶች ፊታቸውን ወደ ቤተ ሙከራ አዙረዋል። ኤርነስት ቦ እ.ኤ.አ. በ1921 የቀመመው ሻኔል ቁጥር 5 ዝባድ ነበረበት፤ ኩባንያው እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ በሰው ሠራሽ እንደተካው ገልጿል። ዢኪም እንዲሁ ተለውጧል፤ የድሮውን ጠርሙስ የሚያስቀምጡ ሰዎች አዲሱ ሳስቷል ይላሉ። እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። የቤተ ሙከራው ሲቬቶን አንድ ሞለኪውል ነው፤ የጥርኙ ቅባት ግን የበላው ሾላ፣ የዋጠው ጥንዚዛ፣ የተኛበት ቅጠል ሁሉ ያለበት ነው። ለጥርኙ ሲባል ግን እንኳን ሳስቶ፣ ምንም ባይሸትስ?

የዚህ እንስሳ ትልቁ ሥራ መቼም ሽቶ አልነበረም። በደቡብ ምዕራቡ ጫካ ሌሊት እየዞረ የበሰለ ፍሬ ይበላል፤ የሾላ፣ የዱር ፍራፍሬ፣ ቀይ የቡና እሸት። ሥጋውን ይፈጫል፣ ዘሩን ሳይነካ ይዞት ይሄዳል፤ አንዳንዴም ከእናቲቱ ዛፍ ብዙ ርቆ፣ በዚያ ተመላልሶ በሚጸዳዳበት ስፍራ ዘሩን ከነማዳበሪያው ይጥለዋል። በከፋ፣ የቡና መገኛ በምንለው ምድር፣ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 በመዘገበው የተፈጥሮ ጥብቅ ደን ውስጥ፣ ማንም ሰው ያልተከላቸው የቡና ችግኞች ከጥላው ሥር ይበቅላሉ። ዝንጀሮ የጣለው አለ፣ ወፍ የጣለው አለ፣ ጥርኝ የጣለውም አለ። ገበሬው ለይቶ አይጠይቅም፤ ሲደርስ ይለቅመዋል።